«አምቡሽ» ሁሉ ወጥመድ አይደለም፤ ስለ ድንገተኛ አደጋና ስለ ማጥመድ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ምርመራ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጐሙ የታሪክ፥ የሕግና የሃይማኖት ጽሑፎች እየበዙ በሄዱ መጠን የቃላት አመራረጥ ጉዳይ የጌጥ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእውነት ጉዳይ ሆኗል። ተርጓሚው አንዱን ቃል በሌላው ሲተካ የሚለወጠው የዐረፍተ ነገሩ ውበት ብቻ ሳይሆን የነገሩ ፍርድ ጭምር ነው። ይህን ለማስረዳት በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ የቃላት ቤተ ሰብ መርጠናል። ይኸውም ሰውን ወይም አውሬን ባልጠበቀው ጊዜና ስፍራ መምታትን ወይም መያዝን የሚያመለክቱት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ «አምቡሽ»፥ «ዌይሌይ»፥ «ሰርፕራይዝ»፥ «ሬይድ»፥ «ትራፕ»፥ «ስኔር»፥ «ዲኮይ» እና «ኢንትራፕ» የሚባሉት።

እነዚህን ስምንት ቃላት ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ስንማራቸው በሁለት የአማርኛ ቃላት ብቻ እየተካን አልፈናል። መምታት ያለበት ሲሆን «ድንገተኛ አደጋ»፥ መያዝ ያለበት ሲሆን «ወጥመድ» እንላለን፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱን ሳንለይ ሁሉንም «ወጥመድ» እንላለን። እንዲህ ያለው አተረጓጐም ለፈተና ያበቃ ይሆናል፤ ለታሪክ ጸሐፊና ለዳኛ ግን አይበቃም። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ልዩነታቸውን በምሳሌ ማሳየት፥ ቀጥሎም የራሳችን ቋንቋ ለየአንዳንዱ ያዘጋጀውን ቃል መፈለግ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መለያ የሚሆኑ አራት ጥያቄዎችን እናስቀምጥ። አንደኛ፥ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? መቺው ወደ ተመቺው ይሄዳል ወይስ ተመቺው ራሱ ወደ መቺው ይመጣል? ሁለተኛ፥ ሥራውን የሚፈጽመው የሰው እጅ ነው ወይስ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሣሪያ? ሦስተኛ፥ የነገሩ ፍጻሜ መመታት ነው ወይስ መያዝ? አራተኛ፥ መቺው ከመታ በኋላ በያዘው ስፍራ ይቀመጣል ወይስ ወደ መጣበት ይመለሳል? በእነዚህ በአራቱ ጥያቄዎች እያንዳንዱን ቃል ብንመረምር አንዱ ከሌላው ጋራ ፈጽሞ የማይተካካ ሆኖ እናገኘዋለን።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ከ«አምቡሽ» ሥር እንጀምር። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን፥ የፈረንሳይኛው ቃል ደግሞ ጫካ ወይም ዱር ማለት ከሆነው ከኋለኛው ዘመን የላቲን ቃል ከ«ቦስኩስ» የመጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ትርጕሙ «ጫካ ውስጥ ማስቀመጥ» ነው። ኢጣልያኖች ይህንኑ ነገር «ኢምቦስካታ» ሲሉት «ቦስኮ» የሚለው የጫካ ስም እስከ ዛሬ ድረስ በግልጥ ይሰማል። ይሁን እንጂ የቃል ሥር የቃል ትርጕም አይደለም፤ ዛሬ «አምቡሽ» ለመባል ዛፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። መቺው ይሸሸጋል፤ ተሸሽጎም ይጠብቃል፤ ተመቺው በራሱ እግር እየተጓዘ ይመጣል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው የታወቀ ምሳሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 ዓመት በትራሲሜኖ ሐይቅ አጠገብ የተደረገው ውጊያ ነው። የካርታጎው ጄኔራል ሐኒባል ሠራዊቱን ከሐይቁ በስተሰሜን ባሉት ኰረብቶች ላይ ሸሽጎ ጠበቀ። የሮማው ቆንስል ፍላሚንዮስ በማለዳ ጭጋግ በሐይቁና በኰረብቶቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ሠራዊቱን ይዞ ገባ። ሐኒባል ከላይ ወረደበት፤ ቆንስሉ ራሱ ሞተ፤ የጥንት ጸሐፊዎች የሮማውያንን ሙታን ወደ 15,000 ያደርሱታል። እዚህ ላይ ተንቀሳቃሹ ተመቺው ነው። ሐኒባል ያደረገው መንገዱን ዐውቆ መቀመጥና መታገሥ ነበር።

«ዌይሌይ» የሚለው ግስ የ«አምቡሽ» ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በውስጡ «መንገድ» የሚል ቃል አለ፤ ትርጕሙም መንገደኛን መንገድ ላይ ጠብቆ ማስቆም ነው። ነገር ግን «አምቡሽ» የጦር ሠራዊት ጠባይ ሲኖረው «ዌይሌይ» የወንበዴ ጠባይ ይበዛበታል። ከዚህም በላይ «ዌይሌይ» የግድ በመምታት አይፈጸምም፤ ባለ ጉዳይ ሹሙን ከቢሮው ደጅ ጠብቆ አቤቱታውን ቢያሰማው እንግሊዞች በፈገግታ ይህንኑ ግስ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ «ዌይሌይ»ን ሁልጊዜ «ዘረፈ» ወይም «ወጋ» ብሎ መተርጐም ከቃሉ በላይ መናገር ነው።

«ሰርፕራይዝ» ግን መንገዱ ሌላ ነው። ዛሬ ይህን ቃል የምናውቀው በመደነቅና በመገረም ትርጕሙ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን በመጀመሪያ ያመለከተው ሳይታሰብ ተደርሶበት የተያዘን ምሽግ ወይም ከተማ ነበር። ከፈረንሳይኛ የተወሰደው ግስ «ከላይ ደርሶ መያዝ» ማለት ነውና። በድንገተኛ ጥቃት፥ ማለት በ«ሰርፕራይዝ አታክ»፥ የሚንቀሳቀሰው መቺው ነው፤ ተመቺው በሰፈሩ ተኝቷል ወይም ተዘናግቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1776 ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን ወደ 2,400 የሚሆኑ ወታደሮች ይዞ በልደት ሌሊት በረዶ የሚፈስበትን የደላዌር ወንዝ ተሻግሮ፥ በማግሥቱ ጧት ትሬንተን ከተማ የሰፈሩትን የጀርመን ቅጥር ወታደሮች ደረሰባቸው፤ ወደ 900 የሚሆኑትንም ማረከ። ይህን «አምቡሽ» የሚል እንግሊዛዊ የለም። ዋሽንግተን አልጠበቀም፤ ገስግሦ ሄደ እንጂ። የተሸሸገውም ሰው አይደለም፤ የጕዞው ሰዓት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛው «አደጋ» ከ«ሰርፕራይዝ» ጋራ የሚያስገርም ተመሳሳይነት አለው። «አደጋ ጣለ» ሲባል ሳይታሰብ ደርሶ መታ ማለት ነው፤ በታሪክ ጽሑፎቻችንም ይህ አነጋገር የተለመደ ነው። ቆይቶ ግን «አደጋ» ከጦር ሜዳ ወጥቶ ወደ መኪና መንገድና ወደ ሐኪም ቤት ገባ። የእንግሊዝኛው ቃል ከምሽግ ተነሥቶ ወደ ስጦታና ወደ ግብዣ ሲሄድ፥ የእኛው ከዘመቻ ተነሥቶ ወደ ጕዳት ሄደ። ሁለቱም ግን «ያልታሰበ» የሚለውን አሳብ አልለቀቁም። ስለዚህ «ሰርፕራይዝ አታክ»ን «አደጋ መጣል» ብሎ የሚተረጕም ሰው ልክ ነው፤ «አምቡሽ»ንም እንዲሁ የሚል ግን መሸሸጉንና መጠበቁን ጥሎ ድንገተኛነቱን ብቻ አስቀርቷል።

«ሬይድ» የሚለው ቃል ዐራተኛውን ጥያቄ ያስነሣል። ቃሉ በስኮትላንድ ሰዎች አፍ የተለመደ ሲሆን መንገድ ማለት ከሆነው ከ«ሮድ» ጋራ አንድ ሥር አለው፤ ሁለቱም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ፈረስ መጋለብን ከሚያመለክት ቃል የወጡ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጽሑፎቹ ስለ ተጠቀመበት ወደ ጠቅላላው እንግሊዝኛ ገባ። የ«ሬይድ» ዋና ምልክት መመለስ ነው። ሄዶ፥ መትቶ፥ ወስዶ ወይም አጥፍቶ ይመለሳል እንጂ ምድሩን አይይዝም። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው ሴቶቹንና ልጆቹን ማርከው መሄዳቸው ፍጹም «ሬይድ» ነው።

«ሬይድ» ድንገተኛነቱን ቢያጣ እንኳ ስሙን አያጣም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1942 አብዛኞቹ ካናዳውያን የሆኑ ወደ 6,000 የሚጠጉ ወታደሮች በጀርመን በተያዘችው በፈረንሳይ ወደብ በዲየፕ ወረዱ። ከመርከቦቹ አንዳንዶቹ ገና በባሕር ላይ ሳሉ ከጀርመን መርከቦች ጋራ ስለ ተገናኙ በዚያ በኩል ምስጢሩ ወጣ፤ ከ900 በላይ ካናዳውያን ሞቱ። ሆኖም እንግሊዝኛው እስከ ዛሬ «የዲየፕ ሬይድ» ይለዋል። ምክንያቱም ገና ሲታቀድ ጥቂት ሰዓት ተዋግቶ ለመመለስ እንጂ ወደቡን ይዞ ለመቅረት አልነበረም። እንግዲህ «ሬይድ»ን «ወረራ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ተቃራኒውን መናገሩ ነው፤ ወራሪ ሊቀመጥ ይመጣል፤ «ሬይድ» የሚያደርግ ግን ሊመለስ ይመጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፥ ወደ መያዣዎቹ እንሻገር። ከላይ ባየናቸው ቃላት ሁሉ ሥራውን የሚፈጽመው የሰው እጅ ነው። በ«ትራፕ» ግን እጁ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። አጥማጁ ወጥመዱን ዘርግቶ ቤቱ ቢተኛም ወጥመዱ አይተኛም። ስለዚህ የ«ትራፕ» ዋና ምልክት መሣሪያነቱ ነው፤ ፍጻሜውም መሞት ሳይሆን መውጫ ማጣት ነው። አይጥ በወጥመድ ውስጥ በሕይወት ልትቈይ ትችላለች፤ ሠራዊትም በሁለት ወንዞች መካከል ተዘግቶ አንድ ጥይት ሳይተኰስበት «ትራፕ» ውስጥ ገባ ይባላል።

የአማርኛው «ወጥመድ» ለዚህ ጠቅላላ ቃል ተስማሚ ነው። አወጣጡም ትምህርት ይሰጣል። ከነፋ «ወንፊት»፥ ከነበረ «ወንበር» እንደ ወጣ፥ እንዲሁ ከጠመደ «ወጥመድ» ወጥቷል፤ በሁሉም ላይ የመሣሪያ ስም መነሻ የሆነው «መ» ወደ «ወ» ተለውጧል። ጠመደ ደግሞ በሬን በቀንበር አያያዘ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ የወጥመድ መሠረታዊ አሳብ መምታት ወይም መግደል ሳይሆን ማሰርና ማቈራኘት ነው። «በሥራ ተጠመደ» ስንልም ይህንኑ አሳብ እንናገራለን፤ ሥራው አልመታውም፤ ነገር ግን አይለቀውም።

«ስኔር» ከ«ትራፕ» ጠበብ ያለ ነው። ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ገመድን፥ በተለይም እንስሳው በታገለ መጠን እየጠበቀ የሚሄደውን ገመድ ያመለክታል። ይህ ዝርዝር ለምሳሌያዊ አነጋገር ትልቅ ዋጋ አለው። በ«ትራፕ» የገባ በሩን ቢሰብር ይወጣል፤ በ«ስኔር» የገባ ግን መፍጨርጨሩ ራሱ ጠላቱ ነው። ዕዳን፥ ሱስን ወይም ሽንገላን «ስኔር» የሚሉት ለዚህ ነው። በአማርኛ ይህ «ሸምቀቆ» ነው፤ «አሽክላ» የሚለውም ይስማማዋል። አንዳንድ ሰው «ሸምቀቆ»ንና «ሽምቅ»ን አንድ ለማድረግ ይቃጣው ይሆናል፤ የድምፅ መቀራረብ ብቻውን ግን ዝምድናን አያረጋግጥም።

«ዲኮይ» ደግሞ ራሱ አይዝም፤ ወደሚይዘው ይመራል እንጂ። ቃሉ የመጣው «ጎጆ» ወይም «ማጎሪያ» ከሚል የሆላንድ ቃል ነው ይባላል። ሆላንዳውያን በኩሬ ዙሪያ በመረብ የተሸፈኑ ቦዮች ሠርተው የዱር ዳክዬዎችን እያባበሉ ያስገቡ ነበር። ዛሬ «ዲኮይ» የሚባለው ዳክዬዋን የምታታልለው የእንጨት ዳክዬ ወይም ጠላትን ለማሳሳት የቆመ የውሸት መድፍ ነው። በአማርኛ «መደለያ» ብንለው እንቀርባለን። «ዲኮይ»ን «ወጥመድ» ማለት ግን መንጠቆውንና በመንጠቆው ላይ ያለውን ትል አንድ ማድረግ ነው።

እነዚህን የመሳሰሉ ልዩነቶች በትርጕም ሥራ ሲጠፉ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 18 ከቍጥር 8 እስከ 10 ባለው ስፍራ የዕብራይስጡ ጸሐፊ ስድስት ልዩ ልዩ የማጥመጃ ቃላትን ደርድሯል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ስኔር» የሚለውን ቃል ለሁለት ልዩ ልዩ የዕብራይስጥ ቃላት ሰጠ፤ ከስድስቱም አንዱን ፈጽሞ ለውጦ «ወንበዴ» አለው። በኋላ የተነሡት ተርጓሚዎች ይህን አርመው የማጥመጃ ስም አድርገውታል። ደራሲው በየአቅጣጫው የተዘረጋ መሣሪያ ሲያሳየን፥ ተርጓሚዎቹ አንድ ሰው በመካከሉ አቆሙ ማለት ነው። መሣሪያና ሰው መለየት ያስፈልጋል ማለታችን ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ ግእዙ ብንመለከት ደግሞ «መሥገርት» የሚል ግሩም ቃል እናገኛለን። በመዝሙር 124 (በግእዙ ቍጥር 123) ነፍስ እንደ ወፍ ያመለጠችበት መሣሪያ ስሙ ይህ ነው። «ዓሣ አሥጋሪ» የምንለውም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። በዚህም ምክንያት ግእዝ የሚያውቅ ተርጓሚ ስለ መያዣዎች ሲጽፍ ቃል አጣሁ ለማለት አይችልም።

ልዩነቶቹ ሁሉ በአንድነት የሚታዩበትን አንድ ስፍራ እንጥቀስ፤ እርሱም የመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 8 ነው። ኢያሱ ጋይን ለመያዝ ከከተማይቱ በስተኋላ ጦር ሸሸገ። ራሱ ከቀሩት ጋራ በፊት ለፊት መጥቶ የተሸነፈ መስሎ ሸሸ። የጋይ ሰዎች ከተማቸውን ክፍት ትተው ሲያሳድዱት የተሸሸገው ጦር ተነሥቶ ከተማይቱን አቃጠለ፤ አሳዳጆቹም በሁለት ሠራዊት መካከል ቀሩ። ሐሳዊው ሽሽት «ዲኮይ» ነው። የተሸሸገው ጦር «አምቡሽ» ነው። በሁለት ሠራዊት መካከል መቅረታቸው ደግሞ «ትራፕ» ነው። አንድ ተርጓሚ ይህን ሁሉ «ኢያሱ ወጥመድ ዘረጋ» ብሎ ቢያሳጥረው ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የጦሩን ጥበብ በሙሉ ከአንባቢው ሰውሯል። ከዚህ ጋራ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ያለውን የጌዴዎንን ሥራ ብናነጻጽር፥ 300 ሰዎች በሌሊት ወደ ምድያም ሰፈር ቀርበው ቀንደ መለከት ነፉ፥ ማሰሮ ሰበሩ፤ ይህ አደጋ መጣል ነው እንጂ ደፈጣ አይደለም።

በዚሁ በኢያሱ ምዕራፍ አንድ የሰዋስው ነገር ይገኛል። የ1611ዱ እንግሊዝኛ አንዳንድ ጊዜ «አምቡሽ» ሲል ሥራውን ሳይሆን የተሸሸጉትን ሰዎች ማለቱ ነው። አንዳንድ ጊዜም «ተኝቶ መጠበቅ» የሚል አነጋገር ይጠቀማል። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን «አምቡሽ»ን ተሻጋሪ ግስ አድርጎታል፤ «አምቡሽ አደረጉት» ሲል ጠበቁትና መቱት ማለት ነው። የአማርኛው «አደፈጠ» እንዲህ አይደለም። ድመት አይጥ ስትጠብቅ አደፈጠች ይባላል፤ ገና አልዘለለችም። «አደፈጡበት» ማለት እንኳ ተመታ ማለት አይደለም፤ ምናልባት በሌላ መንገድ አልፏቸው ይሆናል። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለተኛ ግስ ማከል ይገባዋል፤ «አድፍጠው ወጉት»፥ «አድፍጠው ያዙት»፥ «ሸምቀው ገደሉት» ማለት አለበት። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን አማርኛ በሁለት ደረጃ ይናገረዋል፤ ይህም ድክመት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። መጠበቅና መምታት ሁለት ሥራዎች ናቸውና፥ ዳኛም ለየብቻ ይመረምራቸዋል።

ዳኛን ካነሣን ዘንድ «ኢንትራፕ» የሚለውን ቃል ማለፍ አይገባም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ይህ ቃል ለተከሳሽ መከላከያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1932 ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሶረልስ በተባለው ክስ ውሳኔ ሰጠ። መጠጥ መሸጥ በተከለከለበት ዘመን አንድ የመንግሥት ሰላይ እንግዳ መስሎ ወደ ተከሳሹ ቤት ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአንድ ክፍለ ጦር ሰዎች መሆናቸውን እያነሣ ደጋግሞ ውስኪ ለመነው፤ በመጨረሻ ተከሳሹ አምጥቶ ሲሸጥለት ያዘው። ፍርድ ቤቱ ወንጀሉን የፈጠረው መንግሥት ራሱ ከሆነ ተከሳሹ ይህን መከላከያ ሊያቀርብ ይገባል አለ። እንግዲህ ፖሊስ ሌባን ተሸሽጎ ጠብቆ ቢይዘው ይህ መከላከያ አይነሣም፤ ሌባው በራሱ አሳብ መጥቷልና። አሳቡን በልቡ የዘራው ፖሊስ ሲሆን ግን «ኢንትራፕ» ይባላል። ሁለቱንም «ፖሊስ አጠመደው» ብሎ የሚተረጕም ሰው የተከሳሹን መከላከያ በአንድ ቃል ደመሰሰበት። የመጀመሪያውን «አድፍጦ ያዘው»፥ ሁለተኛውን «አሳስቶ አጠመደው» ብንል ፍርዱ ይጠበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። የኢጣልያ ጦር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1885 ምጽዋን ከያዘ በኋላ ወደ ውስጥ እየገፋ ሰሐጢ ላይ መሸገ። ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1887 (በጥር 1879 ዓ.ም.) ሰሐጢን አጥቅተው ሳይቀናቸው ቀረ። በማግሥቱ ግን ለሰሐጢ ርዳታ ይዞ ይጓዝ የነበረውን፥ ሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን ከ500 የሚበልጥ ጦር ዶግዓሊ ላይ አግኝተው ከበው ደመሰሱት። ከ400 በላይ ኢጣልያኖች ሞቱ። በእንግሊዝኛ ከሚጽፉት አንዳንዶቹ ይህን ውጊያ «አምቡሽ» ይሉታል፤ ሌሎችም «ማሳከር»፥ ማለት ዕልቂት ይሉታል።

በጥያቄዎቻችን እንመዝነው። የሚጓዘው ተመቺው ነበር፤ በዚህ ረገድ «አምቡሽ» የሚለው ቃል መነሻ አለው። ነገር ግን የራስ አሉላ ሠራዊት ብዙ ሺህ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቀንም በዚያው አቅራቢያ በግልጥ ተዋግቷል። ርዳታ ወደ ሰሐጢ መላኩ ራሱ ጠላት በአካባቢው መኖሩ መታወቁን ያስረዳል። ከዚህም በላይ ኢጣልያኖቹ ከፍ ያለ ስፍራ ይዘው ጥይታቸው እስኪያልቅ ድረስ ተዋግተዋል። የተሸሸገ ጦር ድንገት ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ያጠፋቸው የሚመስል ቃል ይህን ሁሉ አይሸከምም። «ማሳከር» የሚለውማ ከዚህም የባሰ ነው፤ ያ ቃል መከላከል ለማይችሉ ሰዎች የተጠበቀ ነው፤ እነዚህ ግን ጠመንጃ ይዘው ወደ ጦር ምሽግ የሚሄዱ ወታደሮች ነበሩ። ትክክለኛው አነጋገር «መንገድ ቈርጦ ከቦ መዋጋት» ነው፤ ስሙም የዶግዓሊ ጦርነት ነው።

ይህን ስንል የአገር ኵራት አስቸኵሎን አይደለም። «አምቡሽ» ስድብ አይደለም፤ ሐኒባል በእርሱ ይመሰገናል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩት አርበኞቻችንም በደፈጣ ታግለዋል፤ ለዚህ የምናፍርበት ነገር የለም። አርበኛው ያደፈጠ እንደ ሆነ «አደፈጠ» እንበል፤ በግልጥ የገጠመ እንደ ሆነ ደግሞ «ገጠመ» እንበል። የሮማ ከተማ በትልቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ብላ ሰይማለች። ይህ ስም የሞቱትን ቈጥሯል፤ ወዴትና ለምን ይሄዱ እንደ ነበረ ግን ዝም ብሏል። ቃል በመምረጥና ዝም በማለት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አንባቢ ምናልባት እንዲህ ብሎ ይቃወመን ይሆናል፦ እንግሊዞች ራሳቸው እነዚህን ቃላት ይቀላቅላሉ፤ ጋዜጠኛ ባለሥልጣንን ያልጠበቀውን ጥያቄ ቢጠይቀው «አምቡሽ» ይላሉ፤ እኛ ለምን ከባለቤቶቹ በላይ እንጠነቀቃለን? መልሳችን ይህ ነው። በምሳሌያዊ አነጋገር ቃል ሰፋ ቢል ነውር የለውም፤ ሰሚው ሁሉ ምሳሌነቱን ያውቃልና። ታሪክ ሲጻፍና ሰው ሲከሰስ ግን ቃል በቀጥተኛ ትርጕሙ ይቆማል። በተጨማሪም ባለቤት ቋንቋውን ከልጅነቱ ስለ ጠጣ ሲቀላቅልም ልዩነቱን በውስጡ ይሰማዋል፤ ተርጓሚ ግን በጻፈው ቃል ብቻ ይያዛል።

ስለዚህ ለማጠቃለል ያህል የሚከተሉትን አቻዎች ለውይይት እናቀርባለን። «አምቡሽ» ሥራው ሲሆን ደፈጣ፥ ሰዎቹ ሲሆኑ ድብቅ ጦር ይባል። «ዌይሌይ» መንገድ ላይ ጠብቆ ማስቆም፥ «ሰርፕራይዝ አታክ» አደጋ መጣል ይሁን። «ትራፕ» ወጥመድ፥ «ስኔር» ሸምቀቆ ወይም አሽክላ፥ «ዲኮይ» መደለያ፥ «ኢንትራፕ» አሳስቶ ማጥመድ ቢባሉ ይስማማል። ለ«ሬይድ» አንድ ቃል አላገኘንለትም፤ ምርኮ ለመውሰድ ሲሆን ዘረፋ፥ የጦር ሥራ ሲሆን መትቶ መመለስ፥ የፖሊስ ሲሆን ድንገተኛ ፍተሻ ማለት የሚሻል ይመስለናል። አንድን የባዕድ ቃል በሦስት የራሳችን ቃላት መተርጐም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ስምንት ቃላትን በአንድ መተርጐም ነው።

የተማሪው ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን፥ ከየሀገሩ ያደን፥ የጦርና የገበሬ ቤት አነጋገር የሚያውቁ ሁሉ፥ ከእነዚህ የተሻለ አቻ ቢኖራቸው በዚሁ መጽሔት እንዲያቀርቡልን እንለምናለን። በተለይም ወፍ፥ ቆቅና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ለየመሣሪያው ያላቸው ስም ገና አልተሰበሰበም። እርሱ ቢሰበሰብ የቃላቱ ጕድለት የቋንቋችን ሳይሆን የእኛ የመፈለግ ጕድለት መሆኑ ይገለጥ ነበር።